ገበታው ጉልበት ላይ ይሁን፦ ለልጆች የቪአር መንደር ስሠራ ያየሁት

የአሥር ዓመት ልጅ ናት። የቪአር መነጽሩን (ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚያስገባውን) ካደረግንላት በኋላ ትንሽ ዝም ብላ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። አልደረሰችም። በእግሯ ጣቶች ቆመች፤ አሁንም አልደረሰችም። እሷ የምታየውን እኔም በኮምፒውተሩ ስክሪን እያየሁ ነበር፤ ልትነካ የፈለገችው "ጀምር" የሚለውን ቁልፍ ነው። በእኔ ቁመትና ክንድ ልክ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ቆሜ ስሞክረው ፊት ለፊቴ የሚመጣው እዚያ ላይ ነበርና። ልጅቷ እጇን አወረደችና "ቲቸር፣ ይሄ የትልቅ ሰው ነው" አለችኝ።

ለዓመታት የሠራሁት ገና ያልተገነቡ ቤቶችን በስሪዲ (በሦስት ልኬት ምስል) ለገዢ ማሳየት ነው። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የመብራቱ አወዳደቅ፣ የሶፋው ጨርቅ ሳይቀር የለመድኩት ሥራ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን የሚቀበል አንድ ማዕከል "ልጆቹ ገብተው ፊደል የሚለቅሙበት መንደር ሥራልን" ሲለኝ ያለኝ ሙያ ይበቃኛል ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ንባቡ ላይ ይደናቀፋሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጡ ልጆች ይጨመሩባቸዋል። መንደሩን መሥራቱ በእርግጥ አልከበደኝም፤ ጎጆው፣ ዋርካው፣ በጎቹ በሦስት ሳምንት አለቁ። የቀሩትን አምስት ወራት የበላው ልጁ በዚያ መንደር ውስጥ እንዴት ይነካል፣ እንዴት ይይዛል፣ እንዴት ይሄዳል፣ እንዴትስ ይወጣል የሚለው ነው። ተመሳሳይ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ እነዚያን ወራት እንዳትደግሟቸው ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የዕድሜውን ነገር እንጨርስ። ሜታ የተባለው ኩባንያ ኩዌስት ለሚባሉት የቪአር መነጽሮቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ወላጅ በሚቆጣጠረው አካውንት እስከሆነ ድረስ ወደ 10 አወረደው። እኛም ከ10 ዓመት በታች ያሉትን መነጽር አላስደረግናቸውም፤ ያንኑ መንደር በታብሌት ነው የገቡበት። አንዳንድ ወላጅ "እህቷ እያደረገች እሷ ስታለቅስ አያሳዝንም? ለአምስት ደቂቃ ብቻ" ብሎ ይለምናል። እምቢ በሉ። ነገሩ የደንብ ብቻ አይደለም። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በትልቅ ሰው በአማካይ 63 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የልጅ ከዚያ ያንሳል። እኛ የምንጠቀምበት የኩዌስት 2 ሌንሶች የሚቆሙት በሦስት ቦታ ነው፤ በ58፣ በ63 እና በ68 ሚሊሜትር። ለትንሽ ልጅ 58ቱም ይሰፋዋል፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዓይኑም ይደክማል። ልጅ ደግሞ "ደበዘዘብኝ" አይልም፤ ዓለሙ እንዲህ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ 10 ዓመት ለሞላቸውም ሌንሱን ጠባቡ ላይ አድርጌ፣ አንድ ቃል አሳይቼ "እስቲ አንብብልኝ" ሳልል ጨዋታ አልጀምርም።

አሁን ወደ ፊደሉ። 33 በ7፣ 231 ሆሄ ነው። በመጀመሪያው ሥራዬ ሁሉንም በአንድ ሰሌዳ ላይ ደረደርኳቸው። ሰሌዳው ሁለት ሜትር ስፋት አለው፣ ከልጁ ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ የእያንዳንዱ ሆሄ ቁመት ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ጥርት ያለ ነበር። መነጽሩ ውስጥ ግን ልጆቹ "ሉ"ን "ሊ"፣ "ቡ"ን "ቢ" እያሉ ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩ የንባብ ችሎታቸው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን ሠራሁት። ሦስት ተኩል ሳንቲሜትር በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ለዓይን የአንድ ዲግሪ ማዕዘን ነው፤ ኩዌስት 2 ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው ደግሞ ወደ 20 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው። "ሉ"ን ከ"ሊ" የሚለየው ያቺ ትንሽ ቅጥያ ከቀኝ እግሩ መሃል ላይ መውጣቷ ወይም ከታች መውጣቷ ብቻ ነው። ለእሷ ከ20ው የሚደርሳት ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ነው፤ ልጁ ራሱን ትንሽ ባነቃነቀ ቁጥር ትርገበገባለች። ልጆቹ ያላዩትን ነው "አላነበባችሁም" ያልኳቸው። በቪአር ውስጥ ጽሑፍ ምን ያህል ይሁን የሚሉት የተለመዱ ምክሮች የላቲን ፊደልን አስበው የተሰጡ ናቸው፤ የእኛ ሆሄ የሚለያየው በቅጥያ ስለሆነ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እኔ አሁን ከሦስት ዲግሪ በታች ሆሄ አላስቀምጥም፤ በአንድ ሜትር ርቀት አምስት ሳንቲሜትር ከሩብ ገደማ ማለት ነው።

ከመጠኑ የባሰው ጨረሩ ነበር። ብዙ የቪአር ሥራዎች በእጅ ከሚያዘው ኮንትሮለር ጫፍ ረጅም ጨረር ያወጣሉ፤ በጨረሩ ታነጣጥራላችሁ፣ በጠቋሚ ጣት ቁልፉን ትጫናላችሁ። ለትልቅ ሰው ይሠራል። ለልጅ ግን እጁ አንድ ዲግሪ ካዘነበለ ሁለት ሜትር ላይ ጨረሩ ሦስት ተኩል ሳንቲሜትር ይስታል፤ የእኔ ሆሄዎች የተራራቁት ደግሞ በስድስት ሳንቲሜትር ነው። በዚያ ላይ ቁልፉን መጫኑ ራሱ እጅን ያንቀሳቅሳል። በሙያው ውስጥ ይህን "የሃይዘንበርግ ውጤት" ይሉታል፤ ስሙን የወሰዱት ከፊዚክስ ነው። የልጅ ጣት አጭር ስለሆነ ቁልፉን በጣቱ ብቻ አይጫንም፤ መላ እጁን ነው የሚጨብጠው።

አንድ ልጅ "ቀ"ን ያነጣጥራል፣ ሲጫን "በ" ይመጣል። አራት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ኮንትሮለሩን እንደ ባትሪ መብራት በሁለት እጁ ያዘው፤ አሁንም "በ"። በመጨረሻ እጁን አውርዶ "ቀ መሆኑን አውቄዋለሁ እኮ" አለ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ ድምፅ ነበር። ፊደሉን ያውቃል፤ ያስቸገረው የእኔ ጨረር ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ቁልፉ በተጫነበት ቅጽበት ሳይሆን ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በፊት ጨረሩ የት ነበር ብሎ እንዲወስድ አደረግኩት። ረድቷል፤ በጨረር ለምትሠሩም ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩን ግን ከሥሩ አልነቀለውም።

ከሥሩ የነቀለው የልጅነት ትዝታ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ገበታው ጉልበታችን ላይ ይቀመጣል፣ ወደ እኛ ዘንበል ይላል፤ በስንደዶ እየነካን "ሀ፣ ሁ፣ ሂ" እንላለን። ስንደዶው ሆሄውን ይነካል፣ አፍ ደግሞ ድምፁን ያወጣል፤ ሁለቱ አይለያዩም። ከሁለት ሜትር ርቀት ፊደል የጠቆመ ልጅ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ሰሌዳውንም ጨረሩንም አጠፋኋቸው። በኮንትሮለሩ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር የሆነች ስንደዶ አበጀሁ፤ ገበታውንም ልጁ አጠገብ አመጣሁት። የሚጫኑት ቁልፍ የለም፤ ጫፏ ሆሄውን ስትነካ ሆሄው ድምፁን ያሰማል፣ እጅም ላይ ትንሽ ንዝረት ይመጣል። ያ ልጅ "ቀ"ን በመጀመሪያው ሙከራ ነካው። ደገመው፤ ከዚያ "ቁ፣ ቂ፣ ቃ" እያለ ቀጠለ።

ስንደዶዋን ለመሥራት የምታስቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ልጅ ሆሄውን ነክቶ አይመለስም፤ ይወጋዋል፣ እያላቀቀ ደጋግሞ ይመታዋል፣ ድምፁም ተደራርቦ ጫጫታ ይሆናል። አንዴ የተነካ ሆሄ ጫፏ ሁለት ሳንቲሜትር ካልራቀችው በቀር ዳግም ድምፅ እንዳይሰጥ አድርጉት። ሁለተኛው፣ ከጀርባ የሚመጣን ንክኪ አትቀበሉ፤ ልጁ እጁን ሲመልስ ያላሰበውን ሆሄ ይነካልና።

ገበታው የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ ነው ያቺ በጣቷ የቆመችው ልጅ ያስተማረችኝ። መነጽሩ ከመሬት ያለውን ከፍታ ስለሚያውቅ ልጁን "ቁመትህ ስንት ነው" ማለት አያስፈልግም። ልጁ መነጽሩን አድርጎ ሦስት ሰከንድ ሲረጋ ዓይኑ ያለበትን ቦታ እወስዳለሁ፤ ገበታውን ከዚያ 40 ሳንቲሜትር ዝቅ፣ 40 ሳንቲሜትር ወደ ፊት አድርጌ፣ ወደ ልጁ ዘንበል አድርጌ አስቀምጣለሁ። መለኪያው ከዓይን ስለሚነሳ ልጁ ቢቆምም፣ በርጩማ ላይ ቢቀመጥም፣ በዊልቸር ቢመጣም ይሠራል። ክንዱን ከትከሻው በላይ ስለማያነሳም አይዝልም። ትልቅ ሰው ሆኖ የልጅ ሥራ የሚፈትሽ ሰው ተንበርክኮ ይፈትሽ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ነው የምሞክረው፤ ቆሜ ያላየኋቸው ስንት ስህተቶች ታይተውኛል።

231ዱን ሆሄ በዚያ ጠባብ ቦታ ማስቀመጥ እንደማይቻል ግልጽ ነው። መፍትሔውን ያገኘነው ከልጆቹ ጋር ነው። ተመራማሪዋ አሊሰን ድሩይን በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆችን ከመፈተኛነት አውጥታ እንደ ዲዛይን አጋር ከትልልቆቹ ጋር ማሠራት የጀመረችው በ1990ዎቹ ነው፤ የምትጠቀመውም ወረቀት፣ ክርና ሙጫ የመሰለ ርካሽ ነገር ነበር። እኛም ካርቶን ቆራረጥን፣ ሆሄ ጻፍንበት፣ ወለል ላይ ቁጭ ብለን "ፊደሎቹ የት ይኑሩ?" አልናቸው። አንዱ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። አንዷ በግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው። ሁለት እህትማማቾች ግን "ሀ"ን ብቻ መሶብ ውስጥ አስቀምጠው፣ "እናትየዋ ናት፣ ስትወጣ ልጆቿ ይከተሏታል" አሉ። ያንን ነው የሠራሁት። መሶቡ ውስጥ 33ቱ ግዕዞች አሉ፤ ልጁ ክዳኑን ያነሳል፣ አንዱን ያወጣል፣ ገበታው ላይ ሲያስቀምጠው ሰባቱ በቅስት ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ስድስት ሳንቲሜትር፣ በመካከላቸው ሁለት ሳንቲሜትር ክፍተት፣ በድምሩ 54 ሳንቲሜትር። ልጁ አንገቱን ሳያዞር ሁሉንም ያያቸዋል፣ ሁሉንም ይደርስባቸዋል።

መሶቡ ሌላም ነገር አስተማረኝ። የማስቀመጫ (የሴቭ ማድረጊያ) ምልክት ብዬ የድሮውን ዲስኬት፣ ለማስተካከያ ደግሞ ጥርሳማውን ጎማ አድርጌ ነበር። ዲስኬት አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ ምልክቱ ለእነሱ ባዶ ነው። ክዳን ያለው ነገር ግን ይከፈታል፣ እጀታ ያለው ይያዛል፣ ቀዳዳ ያለው ነገር ይከተትበታል፤ ይህን ማንም አይነግራቸውም። በስሪዲ ዓለም ውስጥ ሜኑ ከመስቀል ይልቅ ዕቃው ራሱ ሥራውን እንዲናገር ማድረግ ይሻላል። የተጣለ ነገርስ? ልጆች ሁሉን ነገር ይወረውራሉ። መሬት የነካ ሆሄ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ተንሳፍፎ ወደ መሶቡ ይመለሳል። ይህን ከማድረጌ በፊት ግማሹ ጊዜ የሚያልቀው ወለል ላይ የወደቀ "መ" በመፈለግ ነበር።

ቃላቱ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ መቆየትም ያስፈልግ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ራንዲ ፓውሽና ባልደረቦቹ "አሊስ" የተባለውን የስሪዲ ፕሮግራሚንግ ማስተማሪያ ሲሠሩ ጀማሪዎች በኤክስ፣ በዋይና በዜድ፣ ማለትም በሒሳብ የአቅጣጫ ስሞች፣ እንደማያስቡ አይተው "ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ" ወደሚል ቋንቋ ቀየሩት። እኔም የሶፍትዌር አማርኛ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ "አሽከርክር"፣ "አጉላ"፣ "ሰርዝ"፣ "ምናሌ"። ልጆቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ጆሮ ሰጠሁ፤ "አዙረው"፣ "አሳድገው"፣ "መልሰው" ነው የሚባባሉት። እነዚያን ወሰድኩ።

ከዚያ ግን ያላሰብኩት መጣ። ድምፁ "ክዳኑን ክፈት" ሲል አንዲት ልጅ እጇን አጣጥፋ ቆመች። "ለምን አትከፍቺም?" አልኳት። "እኔን አይደለም፤ 'ክፈት' ነው ያለው፤ ወንድሜን ነው" አለችኝ። ልክ ናት። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ችግር የለም፤ አማርኛ ላይ ለአንድ ልጅ የሚሰጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ ወንድ ወይም ሴት ይሆናል። "ክፈቱ" ስል ልጁ ሌላ ማን አለ ብሎ ዞሮ ይፈልጋል። በመጨረሻ መንደሩ ውስጥ እማማ የሚሏቸው አሮጊት አስቀመጥኩ፤ እሳቸው "እስቲ ልጄ፣ እንክፈተው" ይላሉ። "እንክፈተው፣ እናዙረው፣ እንመልሰው"። ለወንዱም ለሴቷም ይሆናል፤ ልጁም ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል። ድምፅ የምትቀዱ ሁሉ ከቀረጻው በፊት ይህን ወስኑ፤ እኛ 60 ዓረፍተ ነገር እንደገና ቀርጸናል።

በዩኒቲ (የጨዋታና የቪአር መሥሪያ ሶፍትዌር) ለምትሠሩ አንድ የቴክኒክ ነገር። ቴክስት ሜሽ ፕሮ ላይ አማርኛ ስትጽፉ ባዶ አራት ማዕዘን ከመጣ ፎንቱ ሆሄዎቹን አልያዘም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አስገብታችሁ የፎንት አሴት ስትፈጥሩ የዩኒኮድ ክልሉን ከ1200 እስከ 137ኤፍ ብላችሁ ስጡት። ቀጭኑን ትታችሁ ወፈር ያለውን ምረጡ፤ ቅጥያዎቹ የሚተርፉት እዚያ ላይ ነው።

ስለ መንቀሳቀስ አጭር ነው የምለው። በኮንትሮለሩ ዱላ እየገፉ መሄድ ብዙ ልጆችን ያዞራቸዋል፤ ዓይን "ሄድኩ" ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል "ቆሜያለሁ" ይላል። ቴሌፖርት ስሰጣቸው ደግሞ ከቦታ ቦታ መዝለሉ ራሱ ጨዋታ ሆነና ፊደሉ ተረሳ። አሁን ልጁ የትም አይሄድም፤ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መንደሩ ወደ እሱ ይመጣል። አንዱን በር ሲከፍት ግቢው ይቀየራል። የክፍላችን ስፋት ሦስት በሦስት ሜትር አይሞላም፤ ከግድግዳ የሚጋጭ ልጅም አልነበረንም። ሥዕሉ እንዳይንተፋተፍ በሰከንድ 72 ፍሬም መጠበቅ አለበት፤ ዋርካው ላይ የነበሩትን ቅጠሎች ግማሹን ያረገፍኩት ለዚህ ነው።

በታብሌቱ ላይ የነበረው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ካሜራው። በሁለት ጣት አዙሩ ስንላቸው ትንንሾቹ ሰማዩን ብቻ እያዩ "መንደሩ ጠፋ" ይላሉ። ካሜራውን ከልጆቹ እጅ ወሰድኩት፤ ጣታቸው የነካውን ነገር ራሱ እየዞረ ያሳያቸዋል።

የመነጽሩም ነገር አለ። ኩዌስት 2 ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለልጅ አንገት ትንሽ አይደለም። የኋላ ማሰሪያው ሹሩባ ላይ ሲያርፍ ይስባል፣ ያማል፤ ልጆቹ ደግሞ እንዳይከለከሉ ብለው ሕመሙን ይደብቁታል። ማሰሪያውን አስቀድሜ ሙሉ በሙሉ አላልቼ፣ የመነጽሩን ፊት እነሱ በእጃቸው ደግፈው፣ ከሹሩባው በታች አሳልፌ ነው የማጠብቀው። በየልጁ መካከል የፊቱን ስፖንጅ መጥረግ አይረሳም። ማይክሮፎኑ ዝግ ነው፣ ኢንተርኔትም አልተገናኘም፤ የማናውቀው ሰው ወደ ልጆቹ መንደር የሚገባበት ምክንያት የለም።

የቀረው መውጫው ነው። በአንድ ዙር 12 ደቂቃ ነው የምንሰጠው። በመጀመሪያ "ጊዜው አልቋል" የሚል ጽሑፍ ይመጣና ይጨልማል፤ ልጆቹ ይደነግጡ ነበር፣ አንዱ አልቅሷል። አሁን አሥረኛው ደቂቃ ላይ የመንደሩ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ትጀምራለች፣ ጥላው ይረዝማል፣ እማማ "መሸ ልጄ፣ በጎቹን እናስገባ" ይላሉ። በጎቹ ወደ ልጁ ይመጣሉ፤ በእጁ መራ መራ እያደረገ ያስገባቸዋል፣ የግቢውን መዝጊያ ይስባል፣ ብርሃኑ ይደክማል። ባለፈው ሳምንት ያቺ በእግሯ ጣቶች የቆመችው ልጅ መዝጊያውን ዘግታ፣ መነጽሩን ራሷ አውልቃ ቀጥሎ ለተሰለፈው ልጅ አቀበለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እሱ ከእኔ ያጥራል፤ ገበታውን ዝቅ አድርግለት" አለችኝ። ስክሪኑን አየሁት፤ ልጁ ገና ሲረጋ ገበታው ዝቅ ብሎ ጉልበቱ አጠገብ ደርሶ ነበር።